አደራ የተሰጡ ሰባት ባትሪዎች

ይህን የምጽፈው አንድ ወሬ ለማረም ነው። በቡድናችን ውስጥ፣ ከቡድናችንም አልፎ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ፣ «አባቱ ባትሪዎቹን አቃጠሏቸው» እየተባለ ይነገራል። የሚያወሩት በሳቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ይሁን እንጂ እውነት አይደለም። አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት በባትሪ ሙያ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደዚህ አገር ሲመጡ በሻንጣ ያልገባ፣ በጉምሩክም ያልተፈተሸ አንድ ንብረት ይዘው መጥተዋል፤ እሱም የሙያቸው ስም ነው። ያ ስም በእኔ ጥፋት ጎድፎ እንዲቀር ስለማልፈቅድ፣ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ነገሩን ላልሰማ ሰው በቅድሚያ ጨዋታውን ላስረዳ። ኤርሶፍት በሁለት ቡድን መካከል የሚደረግ፣ ውጊያን የሚመስል ስፖርት ነው። መሣሪያው መልኩ ጠመንጃ ነው፤ የሚተፋው ግን ከሽምብራ የምታንስ የፕላስቲክ ጥይት ናት። ባሩድ የለውም። ባትሪው ትንሽ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ ጥርሶችን ያዞራል፤ ጥርሶቹ ስፕሪንግ ስበው ይለቃሉ፤ የተለቀቀው ስፕሪንግ አየር ገፍቶ ጥይቷን ያስወጣል። ባትሪው ከደከመ በእጅ የቀረው የፕላስቲክ ዱላ ነው። የተመታ ሰው ራሱ እጁን አንሥቶ ከሜዳ ይወጣል። ዳኛ የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ጨዋታው የቆመው በተጫዋቹ ክብር ላይ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ይመስለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ከመጽሐፍ ጋር የምውል፣ ኳስ የማይሆንልኝ ሰው ነበርኩ። ሌላው ሳያየው ራሱን «ተመትቻለሁ» ብሎ የሚያስወጣ ሰው ያለበት ጨዋታ መኖሩን ስሰማ ሄጄ አየሁት፤ በዚያው ቀረሁ።

ሰባት ነን። አምስታችን የአንድ ደብር ልጆች ነን፤ ሁለቱ ደግሞ ከአንዳችን ጋር የተማሩ ጓደኞች ናቸው። ሜዳው ከከተማው ውጭ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ጫካ ነው። መሣሪያዎቹን በተቆለፈ ሻንጣ እንይዛለን፤ ሜዳ ሳንደርስም አንከፍትም። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ኃላፊነት ተሰጥቶናል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ያስመዘግባል፣ አንዱ የፊት መከላከያዎቹን ይቆጣጠራል። እኔ የተሾምኩት ባትሪና ቻርጀር እንድመርጥ ነበር። የተሰጠው ምክንያትም አጭር ነበር፤ «አንተ ታነባለህ» አሉኝ።

አነበብኩም። ለአንድ ወር ያህል ከመዝገብ ክፍል ሥራዬ ስመለስ ሌላ ነገር አልገለጥኩም። ኒኬል የተባለው አሮጌ ዓይነት ባትሪ ትዕግሥተኛ እንደሆነ፣ ነገር ግን እንደሚከብድና በብርድ ቶሎ እንደሚደክም ተረዳሁ። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ግን ቀላል፣ ፈጣንና ቁጡ ነው። ሲይዙት እንደ ማስቲካ እሽግ ነው፤ ከበደሉት ግን ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ካልተዉት ይቀጣጠላል። ይህን የመረጥኩት ክብደቱን ብቻ አይቼ አልነበረም። በመሣሪያው ሰደፍ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከዚህ ሌላ የሚገባ አልነበረም።

ክርክር የተነሣው በቮልቱ ላይ ነበር። ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር የሚመጣ አንድ ፈጣን ልጅ አለን፤ በሜዳ ላይ የሚይዘው ስለሌለ «ሯጩ» እንለዋለን። ሯጩ ባለ አሥራ አንድ ቮልቱ እንዲገዛ ፈለገ። ቃታው ሲነካ ወዲያው ይተኩሳል፣ ፋስት ነው፣ ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ወደዚያ ስዊች አድርገዋል አለ። እኔ ባለ ሰባት ነጥብ አራቱን ደገፍኩ። መሣሪያዎቻችን ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ ጥርሶቻቸው ያንን ጉልበት እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ሳምንት ሙሉ በስልክ ተከራከርን፤ አልተግባባንም። በመጨረሻ ሁላቸውም ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡና ክርክሩ በአባቴ ፊት ቀጠለ።

ስለ አባቴ ከዚህ ላይ ልናገር። እናቴ ያረፈችው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከወደብ የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች በሚያድሩበት መንገድ ዳር፣ ኤሌትሮ አውቶ ነበሩ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ባትሪ። ሾፌሮች አንድ ባትሪ ይድን ወይም ይጣል እንደሆነ የሚቀበሉት ከእሳቸው ቃል ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ስፖንሰር አድርጌ አስመጣኋቸው። አሁን በአንድ የዳቦ ፋብሪካ ሳጥን ይደረድራሉ። በዚያ ስለ ባትሪ የሚጠይቃቸው ሰው የለም፤ ስለ ሌላም ነገር እምብዛም አይጠየቁም።

በዚያ ቀን ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ለናሙና ያመጣኋትን ባትሪ አንሥተው በመዳፋቸው መዘኗት።

«ይቺ ናት ባትሪዋ?» አሉ። «የኛ ባትሪ ሁለት ሰው ነበር የሚያነሣው። ይቺን ዶሮ ትውጣታለች።»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ በውስጧ ስንት ሴል እንዳለ ጠየቁኝ፤ ሁለት አልኳቸው። «እንግዲያው እያንዳንዱ ሦስት ነጥብ ሰባት ነው» አሉ፤ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ሯጩ የእሱን ሐሳብ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ቀላቅሎ አስረዳቸው። እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «ለባለ አሥራ ሁለት ቮልት መኪና የሃያ አራት ባትሪ ብሰጥህ፣ ሞተሩ እንዴት ደስ የሚል ጮኸ ትለኛለህ። ለአንድ ሳምንት። ከዚያ በኋላ የምትጮኸው አንተ ነህ።»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ሰባት ተመሳሳይ ባትሪዎች ገዛን።

ቻርጀሩን የመረጥኩት ብቻዬን ነው፤ እስከ ዛሬም በምርጫው እኮራለሁ። ከመሣሪያው ጋር በሳጥን የሚመጣው ትንሽ ቻርጀር ሁለቱን ሴሎች በጅምላ ይሞላል። አንዱ ቀድሞ ቢሞላም ሌላውን እየጠበቀ ማፍሰሱን ይቀጥላል። የመረጥኩት ግን የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ለየብቻ እየለካ እኩል የሚያደርስ፣ ሲሞላ የሚያቆም፣ ለማስቀመጫም በግማሽ የሚያሳርፍ ነው። አባቴ የቁጥሮቹን መስኮት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በኮምቦልቻ ይህን ሥራ የሚሠሩት ክዳኑን ከፍተው፣ የእያንዳንዱን ሴል አሲድ በመለኪያ እየሳቡ ነበር። «ይህ ሰው ሆኗል» አሉ፤ ከዚህ በላይ አላወደሱትም። እኔም ስርዓት አወጣሁ። ባትሪ ሰው በሌለበት ቤት ቻርጅ አይደረግም፤ ከእንጨት ላይ አይቀመጥም፤ ባልኮኒውም ላይ አንድ ባልዲ አሸዋ ሁልጊዜ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በየቅዳሜው ወርክሾፕ ሆነ። አባቴ የመሣሪያዎቹን ገመድ በጣታቸው እየነኩ ሙቀቱን ያነቡ ነበር። ባትሪውን ከመሣሪያው የምታያይዘው፣ ከፋብሪካ የመጣችው ነጭ መገጣጠሚያ ትንሽ ናት፤ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ሲበዛባት ትግላለች። «የሞቀ ገመድ ስሞታ እያሰማ ነው» ይሉ ነበር። ልጆቹም ከሻንጣቸው ይልቅ የአባቴን የመበየጃ ካውያ ይጠብቁ ጀመር። የሰባቱንም መሣሪያዎች፣ የሰባቱንም ባትሪዎች መገጣጠሚያ ቆርጠው አንድ ዓይነት ወፍራም መገጣጠሚያ በብየዳ አያያዙላቸው። ማንኛውም ባትሪ በማንኛውም መሣሪያ ላይ እንዲገባ ሆነ። ልጆቹ «ጋሼ፣ ይቺን ቢያዩልኝ» እያሉ ተራ ሲይዙ፣ አባቴ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሲቆጧቸው፣ እኔ ከኩሽና ሆኜ እሰማ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ድምፃቸው እንዲህ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ።

ጥር ላይ መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ኦታዋ ላከኝ። በተመለስኩ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ባለፈው ዓመት ካሸነፈን ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበረን። እንግዲህ ሰባቱ ባትሪዎች ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ይቀመጣሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሊቲየም ባትሪ ጠባይ ከሌላው ይለያል። ሙሉ ሆኖ መቀመጥ አይወድም። በግማሽ አድርገው፣ ቀዝቀዝ ካለ ቦታ ሊያሳርፉት ይገባል። ሙሉውን በሞቀ ቦታ ካቆዩት ውስጡ ጋዝ ይፈጥርና ያብጣል። የመኪናው ባትሪ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ባዶ ወይም ግማሽ ሆኖ ከተቀመጠ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጨው ያበቅላል፤ ተመልሶም አይነሣም። ስለዚህ በአባቴ ወርክሾፕ አንድ ሕግ ነበር፤ ባዶ ባትሪ አያድርም። መብራት የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ፣ በመጣ ጊዜ ሁሉ ሁሉም ይሰካል። ብርድም የባትሪ ጠላት ስለሆነ ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ርቆ፣ ከሞቀው በኩል ይደረደራል። ይህ ሕግ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትክክል ነበር።

እኔ ልዩነቱን አውቅ ነበር። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ግማሽ ገጽ የሚሆን መመሪያ በአማርኛ፣ በጥሩ እጅ ጽፈት አዘጋጅቼ ነበር። ወደ ሳሎን ስገባ አባቴ የአንዱን ባትሪ መገጣጠሚያ በጨርቅ ጫፍ እየወለወሉ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስኩት። ባትሪ እንዴት እንደሚቀመጥ ለአባቴ ጽፌ ልስጣቸው? ገና ያንን ከፍ ያለ ድምፃቸውን መስማት የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነበር። አፈርኩ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን በገዛ ሙያው አያርምም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከወተት ጋር የጠጣሁት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ፈንታ አንድ ቃል ብቻ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ባትሪዎቹን አደራ።»

«ሂድ፣ ሐሳብ አይግባህ» አሉኝ።

አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን መደርደሪያ ላይ ጥሎት አይረሳም። አባቴም በሚያውቁት ሁሉ ጠበቁልኝ። በየሁለት ቀኑ ከፋብሪካ ሲመለሱ፣ የሥራ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ ሰባቱንም አንድ በአንድ ከቻርጀሩ ጋር እያገናኙ እስከ አፋቸው ይሞሉ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ ሥር ካለው የማሞቂያ ቱቦ በላይ ባለችው መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ ደርድረዋቸዋል። አሸዋውን አልረሱም፤ ሰው በሌለበት አንድ ቀን እንኳ አልሰኩም። ያዘዝኩትን ሁሉ ፈጽመዋል። ያላዘዝኩትን ግን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ።

«አንዷ እንኳ አልጎደለችም» አሉ።

አየሁ። ለቱቦው ቅርብ የነበሩት አራቱ እንደ ኩፍ ያለ ሊጥ ሆነዋል። ሽፋናቸው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ሦስቱ ደህና ነበሩ። አንዱን ያበጠ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አባቴ የሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉ፤ ለሾፌሮች «ይህ አይድንም» ሲሉ ስንት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው።

«ተናገር» አሉ።

ነገርኳቸው። ይህ ዓይነት ባትሪ ሙሉ ሆኖ አይቀመጥም፣ ሙቀትም ይጎዳዋል አልኳቸው። አንዱን ያበጠ አንሥተው አገላበጡት።

«ይህን ስትሄድ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን ስለ ባትሪ ላስተምር አፈርኩ።»

አባቴ በቁጣ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን የተናገሩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

«ሃያ ስድስት ዓመት ከማላውቀው መኪና ሥር ገብቼ ሾፌሩን ጠይቄ ሠርቻለሁ። ያልሰማሁትን ስሰማ አፍሬ አላውቅም። አንተ አከበርኩት ብለህ ከሥራው አስወጣኸኝ።»

  ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተርና እርሳስ አወጡ፣ የባትሪውንና የቻርጀሩን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። እያነበብኩ ተረጎምኩ። ስፈጥን ያስቆሙኛል፤ የማላውቀውን ቃል በግምት ስተረጉም ደግሞ በአንድ ጥያቄ ያጋልጡኛል። የሴሉ ከፍተኛ ቮልት ስንት፣ ዝቅተኛው ስንት፣ በማስቀመጫ ስንት፣ በብርድ ምን ይሆናል፣ ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ቢደረግ ምን ይደርሳል። ሁሉንም በሚያምረው ቁም ጽፈታቸው ጻፉት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። በመዝገብ ክፍል ብዙ ሰነድ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ አድማጭ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። የስድሳ አራት ዓመት ሰው፣ ከሥራ ተመልሰው፣ የኖሩበትን ሕግ በገዛ እጃቸው ሰርዘው ሌላ ሲጽፉ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። እሳቸው ግን ትልቅ ነገር እየሠሩ አይመስላቸውም ነበር፤ እርሳሳቸውን እየቀረጹ «ቀጥል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ቴስተራቸውን አውጥተው የእያንዳንዱን ሴል ቮልት ለኩ። አራቱን ያበጡትን ለብቻ አድርገው፣ «እነዚህ አልቀዋል፤ ማንም አይንካቸው» አሉ።

በዚህ መካከል ልጆቹ ዕቃ ለመከፋፈል መጥተው ነበር። ሦስት ባትሪ ለሰባት ሰው ሲባል ሁሉም ተከዙ። ሯጩ ግን አልተቀበለውም። ላንድ ቀን ብቻ ነው፣ ትንሽ ነፋ ብለው የለም ወይ፣ ምን ይሆናል እያለ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አባቴ ዳግመኛ «አይሆንም» አሉት። እኛ ሳሎን ውስጥ በደህናዎቹ ሦስቱ ላይ ተጠምደን ሳለ፣ እሱ ከሻንጣው የራሱን ቻርጀር አወጣ። ያች ከመሣሪያው ጋር በሳጥን የምትመጣው፣ እኔ የጣልኳት ዓይነት ናት። አንዱን ያበጠ ባትሪ ወደ ኩሽና ወስዶ ሰካው። ጉልበቱ ወርዶ ከሆነ ልሞክረው ብሎ ነው፤ ባትሪው ግን አስቀድሞ ሙሉ ነበር። ቻርጀሯም አትለካም፤ ታፈሳለች እንጂ።

የሰማነው እንደ ጎማ መተንፈስ ያለ ፉጨት ነው። ቀጥሎ ጣፋጭ፣ የሚያቅለሸልሽ ሽታ መጣ። እኔ ከወንበሬ ስነሣ አባቴ ከኩሽናው ደርሰዋል። ገመዱን ከግድግዳው ነቀሉ፣ የእሳት መቆንጠጫውን አንሥተው ባትሪውን ያዙት፣ ቻርጀሯም በገመዷ ተንጠልጥላ ተከተለች፤ ሁለቱንም ባዶ ድስት ውስጥ ጥለው በአንድ እጃቸው ድስቱን፣ በሌላው የባልኮኒውን በር ያዙ። ባትሪው በድስቱ ውስጥ የተቀጣጠለው ገና ደፉን ሲያልፉ ነው። ነበልባሉ ከፊታቸው ከፍ አለ። አልጣሉትም። በበረዶው ላይ አስቀመጡት፤ የአሸዋውን ባልዲ አንሥተው ሙሉውን ገለበጡበት። በጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ደወል መጮህ ሲጀምር ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። አንዱ ልጅ የመክተፊያ እንጨት ይዞ ጣሪያውን ያራግብ ጀመር። ሯጩ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

አባቴ እጃቸውን እየተመለከቱ ነበር፤ አልተቃጠለም። «እጅህን አሳየኝ» አሉት። የእሱንም አገላብጠው አዩት። «ደህና ነህ። ተቀመጥ፤ መመሪያውን አንተም ትሰማለህ።» እኔም ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና አነበብኩ።

የእሳቱ ታሪክ ይኸው ነው። ሯጩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ታሪኩን ሲያወራ ግን ቀስ በቀስ ራሱን ከኩሽናው አስወጣና አባቴን ብቻቸውን ከድስቱ ጋር አስቀራቸው። በዚያ መልክ ነው ወሬው ወደ አዳራሹ የደረሰው።

በማግስቱ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረውን ወደ ሜዳ መጡ። የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልጋበዛቸውም። ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ ነበር። በብርድ የሊቲየም ባትሪ ጉልበት ይወርዳል፤ ይህን ትናንት ጽፈውታል። ሦስቱን ባትሪዎች ከሹራባቸው ሥር፣ በብብታቸው አድርገው ከሜዳው ጥግ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሦስት ሆነን እንድንገባ፣ የወጣው ባትሪውን ለሚገባው እንዲያስረክብ ሥርዓት አወጡ። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተቻለ። ሰው ሲወጣ ባትሪውን ይቀበሉታል፣ በቴስተር ይለኩታል፣ በብብታቸው አሙቀው ለሚገባው ይሰጣሉ። ዘበኛ ሲለወጥ እንጂ ጨዋታ አይመስልም ነበር። በሦስት ባትሪ ሰባት ሰው ሆነን፣ ከአምስቱ ዙር አራቱን ተጫውተን ሁለት ለሁለት ሆንን።

ከመጨረሻው ዙር በፊት ዕረፍት ነበር። ከተጋጣሚዎቻችን አንዱ፣ ቀይ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው፣ መሣሪያው ቀጥ ብሎበት ቃታውን በከንቱ ይስባል። አባቴ ከአግዳሚው ሆነው ጥቂት ተመለከቱት። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ፤ እኔም ላስተረጉም ተከተልኩ። ብዙ ትርጉም አላስፈለገም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰውየው መሣሪያውን ሰጣቸው። ሰደፉን ከፍተው ባትሪውን አወጡ። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ መገጣጠሚያውም ላልቷል። ባትሪውን ወደ ብብታቸው አስገብተው መገጣጠሚያውን በትንሽ ጉጠት አጠበቁ።

ሯጩ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ የእነሱ ነው እኮ።»

«ባትሪ የማን እንደሆነ ያውቃል እንዴ?» አሉት።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆሙ። ባትሪውን መልሰው ሲያስገቡት መሣሪያው እንደ አዲስ ተኮሰ። ሰውየው ማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ሥራቸው የት እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ እንደሆነ ከአጠያየቁ ተረዳሁ። የዳቦ ፋብሪካውን አልጠቀስኩም። አባቴ ናቸው፣ የባትሪ ባለሙያ ናቸው አልኩት።

«ምን አልከው?» አሉኝ አባቴ።

«የባትሪ ባለሙያ ናቸው አልኩት።»

«ዋናውን ዘለልክ» አሉ። «ይህን ባትሪ ትናንት ነው የተማረው፤ ያስተማረውም ልጁ ነው በለው።»

እንዳሉት ተረጎምኩ።  ቀይ ጢሙ ጓንቱን አውልቆ አባቴን ጨበጣቸው፤ ከዚያም የኔን እጅ ጨበጠ።

በመጨረሻው ዙር ከእኛ ወገን ብቻውን የቀረው ሯጩ ነበር። ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ሲወረወር ያ የተጠገነው መሣሪያ ከትከሻው ላይ አገኘው። ከዳኛው ዓይን ውጭ ነበር፤ ማንም አላየም። ሯጩ ቆመና እጁን አነሣ።

የጠፋው ይህ ነው። ባትሪ፣ አራት። ቻርጀር፣ አንድ። ድስት፣ አንድ። ግጥሚያ፣ አንድ፤ ሦስት ለሁለት።